ጨው የላሰችው ዓይን

«በጉና ሆድ ውስጥ ከእኔ ዓይን የሚያመልጥ ብልጭታ ካለ፣ እሱ ገና ያልተፀነሰ ነው!» ትል ነበር አትጠገብ። በሹክሹክታ እንዳይመስላችሁ። መመገቢያ አዳራሹ መሀል ቆማ፣ አንድ እጇን ወገቧ ላይ ጭና፣ የጎረሰችውን ድንች ገና ሳትውጥ ነው። ሌሎቹ ተመልካቾችም «እውነትሽን ነው» ይሏታል፤ እንዲያ ካላሏት አትቀመጥማ።

ለመኩራትስ ምክንያት ነበራት። ያን ጊዜ ዓይን ሀብት ነው። ማሽኖቹ ያልሆነውን ሆነ፣ ያልታየውን ታየ እያሉ ሥዕሉንም ድምፁንም ቁጥሩንም መፈብረክ ከለመዱ ወዲህ፣ ሰው በዓይኑ አይቶ ያልማለበትን ነገር የሚያምን ጠፍቷል። ደብረ ታቦር ገበያ ወተት ይዛ የወጣች ሴት፣ ሲታለብ ያየ ተመልካች አጠገቧ ካላስቀመጠች ወተቷን አርግታ ራሷ ትጠጣዋለች። ለሠርግ ቀለበት ሲታሰር የሚያይ ዓይን በሰዓት ይከራያል። ሰው ሲሞት እንኳ ዘመድ ያልሆነ ዓይን መጥቶ «አይቼዋለሁ፣ ሞቷል» ብሎ ካልማለ እድሩ ድንኳን አይተክልም፤ ሟቹም ምስክር እስኪመጣ ተጋድሞ ይጠብቃል። ስልክ ለጨዋታ ነው። ቁም ነገር የሚላከው በቃል አድራሽ፣ በሰው አፍ ነው።

ከዓይን ሥራ ሁሉ ቁንጮው ደግሞ የጉና ዋሻ ነው። ተራራው ሥር፣ ፀሐይ የማታውቀው አዳራሽ ውስጥ፣ ቤት የሚያህል የመስታወት ጋን አለ። ጋኑ ዜኖን በሚባል ከበረዶ በቀዘቀዘ ፈሳሽ ተሞልቷል። ከፈሳሹ አቶሞች በየጊዜው አንዱ ይፈርስና መንታ ብልጭታ ይሰጣል። ቲዎሪው እንደሚለው መንታዎቹ ሲወጡ ኒውትሪኖ የሚባሉ ሁለት ሌቦች አብረው ይወጣሉ፤ ከብርሃኑ ድርሻቸውን አንስተው ተራራውን ሰንጥቀው ይሄዳሉ። ስለዚህ የሚታየው ብልጭታ ሁልጊዜ ጎደሎ ነው። ሌባ ያልነካት ሙሉ መንታ አንድ ቀን ብትወጣ ግን ቲዎሪው ዋሾ ሆኖ ይቀራል፤ የፊዚክስ መጽሐፍ ሁሉ እንደ አዲስ ይጻፋል። ሙሉዋን ያየ የለም። ጠብቀው ያረጁ አሉ፤ ጠብቀው የሞቱም አሉ።

ሕጉ በዓይንና በነገሩ መካከል ከመስታወት በቀር ምንም አይግባ ይላል። ተመልካቾቹ ጋኑን ከበው፣ ግንባራቸውን መስታወቱ ላይ አስደግፈው ይቀመጣሉ። መስታወቱ ብልጭታዋን ለአንድ ጥቅሻ ያህል ይዞ ያቆያታል፤ በዚያች ጥቅሻ ውስጥ «ጎደሎ» ወይም «ሙሉ» ማለት የተመልካቿ ፋንታ ነው።

ተመልካች ሽንኩርት አትከትፍም። ባርኔጣ ሳታደርግ ፀሐይ ላይ አትወጣም። ለቅሶ ቤት ብትሄድ አታለቅስም፤ በእሷ ፋንታ የምታለቅስላት ጎረቤት ይዛ ትሄዳለች። ያለቀሰ ዓይን እስኪጠራ ድረስ ወንበር አይሰጠውም፤ መጥራቱን የሚወስኑት ደግሞ ሐኪሞቹ ናቸው፤ ሐኪሞቹም አይቸኩሉም።

አትጠገብ ከስድስተኛ ክፍል አላለፈችም። ዓይን ፈታኞቹ መንደሯ ክምር ድንጋይ ሲመጡ ግን ከቤተ ክርስቲያኑ ጉልላት ላይ ያረፈችው ርግብ የትኛው እግሯ እንደተጎዳ ነገረቻቸው። ያኔውኑ ይዘዋት ሄዱ። አንደኛዋ ወንበር፣ ማለትም የጋኑን ልብ ፊት ለፊት የምታየዋ ወንበር የተሰጠቻት ገና ጡቷ ሳያጎጠጉጥ ነው። ታዲያ ቢያስኮራት ምን ይገርማል?

ነገሩ የተበላሸው በፋሲካ ሰሞን ነው።

ዋሻው ውስጥ «ጨው» የሚባል ነገር አለ። አንዳንድ ቀን ከጋኑ ሥር ሐሰተኛ ብልጭታ ይለቀቃል። መቼ እንደሚለቀቅ የሚያውቅ ሰው የለም፤ የሚለቀው ማሽን አፉ የታሸገ ነው። ሐሰተኛዋ ከሙሉዋ በጥቂት ታንሳለች ወይም በጥቂት ትበልጣለች፤ ያንን ለይታ «ጨው» የምትል ተመልካች ዓይኗ ጤነኛ ነው። «ሙሉ» ካለች ግን ፈረቃው ሲያልቅ ግድግዳው ላይ ያለው መብራት ይበራል። ነጭ ከሆነ ማሽኑ እጁ የለበትም። ቀይ ከሆነ ጨው ነው። ከዚያ የሚመጣውን ቅጣት ያወጡት የዋሻው ኃላፊዎች አይደሉም፤ ተመልካቾቹ ራሳቸው ያመጡት ልማድ ነው። መመገቢያ አዳራሹ መሀል ጠረጴዛ ላይ አንድ አሞሌ ጨው ተቀምጧል። የተታለለችው በሰው ሁሉ ፊት ትልሰዋለች።

የዚያን ዕለት ከአትጠገብ በስተግራ ብርጓል የምትባል የጋሳይ ልጅ ተቀምጣለች። ብርጓል ዝምተኛ ናት፤ አትጠገብ አሥር ስትናገር እሷ አንድ ብትናገር ነው። ጋኑ ውስጥ መንታ ብልጭታ ወጣች። ብርጓል ዝም አለች። አትጠገብ ግን ከወንበሯ ዘላ፦

«ሙሉ! ሙሉ ናት! ዋሽቼ እንደሆን ዓይኔ ይፍሰስ!»

ፈረቃው እስኪያልቅ መጠበቅ ነበረባት። መጠበቅ አታውቅም። የበሩን ዘበኛ ለምና ቃል አድራሽ ወደ ክምር ድንጋይ አስላከች፤ «እናቴን ‹ልጅሽ ዓለምን ገለበጠች› በልልኝ» ብላ። እናቷ እልል አሉ፣ ጎረቤት ጠሩ፣ ለእንቁጣጣሽ ያቆዩትን ሙክት አሳረዱ። ቆዳው ተገፎ ሳያልቅ ሁለተኛው ቃል አድራሽ መጣ። «መብራቱ ቀይ ነው» ብሎ ውሃ እንኳ ሳይጠጣ ተመለሰ። ጎረቤቶቹ ግን አልተመለሱም፤ ሥጋውን በሉ። እየበሉም ሳቁ።

አዳራሹ ውስጥ አትጠገብ አሞሌውን ላሰች። ልሳ ቀና ስትል ብርጓል፣ ያቺ ዝምተኛ፣ ድምፅዋን ሳታነሳ እንዲህ አለች፦

«እኔስ ትንሽ ጨው ጨው ብላኝ ነበር።»

አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። እንግዲህ ሳቁ ብቻ ቢሆን አትጠገብ በቻለችው፤ በምላሷ ጨው፣ በጆሮዋ ሳቅ ሲሆንባት ግን እንባዋ ዱብ አለ። ሁሉም አየ፤ ለማየት የሚከፈላቸው ሰዎች ናቸው። ያለቀሰች ተመልካች ወንበር የላትም። በማግስቱ ብርጓል አንደኛዋ ወንበር ላይ ተቀመጠች፤ አትጠገብ ደግሞ ወደ ማጠቢያ ክፍል ወረደች።

ማጠቢያ ክፍል ማለት ተመልካቾቹ ወደ ጋኑ ከመግባታቸው በፊት የሚፈተጉበት ነው። አፈር ላይ፣ አመድ ላይ፣ ሙዝ ላይ ሳይቀር የሚፈርስ አቶም አለ፤ በጥፍር ሥር የገባ አፈር ለጋኑ ጠላት ነው። ስለዚህ ማተብ ይፈታል፣ ጥፍር ይቆረጣል፣ ቅቤ ከጸጉር ይታጠባል፣ የሰው ልጅ እንደ ድስት ይፋቃል። የአጣቢዎቹ አለቃ እትዬ ድንቄ ናቸው፤ ክንዳቸው የወንድ፣ አፋቸው ደግሞ የማንም ያልሆነ።

«የጨው ተራራ ሲናድ ሞኝ ይልሳል፣ ብልህ ያለቅሳል» አሏት ገና በመጀመሪያው ቀን፤ «አንቺ ደግሞ አንዴ እየላስሽ አንዴ እያለቀስሽ ሁለቱንም አልሽው። እስቲ ያንን ጆንያ አምጪው።»

«ይሳቁብኝ እትዬ ድንቄ። ይህቺን ጋሳዬ ግን ባላስልሳት እኔ የእናቴ ልጅ አይደለሁም።»

«ተይው ልጄ። ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት አይሆንም።»

«እኔ ምን ጸሎት ያዝኩ? ቂሙ ብቻውን ይበቃኛል።»

የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም ይባላል። ብርጓል ረስታው ነበር። እንዲያውም የሚያበሽቀው እሱ ነው። ጠዋት ጠዋት እየመጣች ትከሻዋን ለአትጠገብ ሰጥታ ትቀመጣለች፤ «አትጠጌ፣ ዛሬስ ውሃው በረዶ ነው፣ ተራራው ሊገድለን ነው እንዴ?» ትላለች፤ አንዳንዴም ከቤት የመጣ ቆሎ ታካፍላታለች። አትጠገብም ቆሎውን እየቆረጠመች ጀርባዋን ቆዳዋ እስኪቀላ ትፈትጋታለች። ብርጓል ግን «እሰይ፣ እንዲህ ነው መታጠብ!» ትላለች። እንዲህ ያለ ጠላት ምን ይደረጋል?

በክምር ድንጋይ ሕፃናቱ ሳይቀሩ «ጨው ላሽ» ይሏታል። እናቷ ገበያ መሄድ ትተዋል። ሙክቱን የበሉት ጎረቤቶች እናቷን ባገኙ ቁጥር «ዓለም እንዴት ናት? ተገለበጠች?» ይሏቸዋል። አትጠገብ ይህን ሁሉ በአንድ ሰው ስም ሰበሰበችው። ማሽኑን አልጠላችም፤ ማሽን አይላስም። የራሷን ዓይንም አልጠላችም። የጠላችው ያችን አንዲት ዓረፍተ ነገር ነው፤ ዓረፍተ ነገሯም ብርጓል የሚባል ስም አላት።

መላው የተገኘው ከማጠቢያው ግድግዳ ነው። ግድግዳው ላይ የተከለከሉ ነገሮች ተሥለው ተደርድረዋል፤ አፈር፣ ሙዝ፣ አመድ፣ ጌጥ፣ ኩል። የዋሻው ኃላፊ ዶክተር እማዋይሽ በየጊዜው እየመጡ ይመክራሉ። አጭር፣ ቀጭን፣ ተቆጥተው እንኳ የማይጮኹ ሴት ናቸው፤ ልጆቹ «እትዬ ዶክተር» ይሏቸዋል።

«ልጆች፣ ለኩል ተጠንቀቁ» አሉ አንድ ቀን። «የገበያ ኩል እርሳስ አለው። እርሳሱ ውስጥ የሚፈርስ ነገር አለ፤ ሲፈርስ ብልጭ ይላል። ዓይናችሁን ለማሳመር ብላችሁ ዓይናችንን እንዳታሳውሩን።»

ሁሉም አንገታቸውን ነቀነቁ። አትጠገብም ነቀነቀች፤ ግን የሰማችው «ሲፈርስ ብልጭ ይላል» የምትለዋን ብቻ ነው። ከስድስተኛ ክፍል ባታልፍም አንድና አንድ ሁለት መሆኑን ታውቃለች። ኩል ብልጭ ይላል። ብርጓል ብልጭታ ታያለች። ብርጓል «ሙሉ!» ብላ ትጮኻለች። ከዚያ አሞሌው አለ።

ከኅዳር ጽዮን ማግስት ጀምራ ሥራዋን ያዘች። ደብረ ታቦር ገበያ ከአንዲት ቅመም ሻጭ አሮጊት የድንጋይ ኩል ገዛች፤ አሮጊቷም «ያየሽው ወንድ አያመልጥሽም» ብለው መረቋት። ኩሉን ፈጭታ እንደ ጭስ አላመችው። ተመልካቾች ታጥበው ሲወጡ ዓይናቸው እንዳይደርቅ የዓይን ጠብታ ይደረግላቸዋል፤ የሚያደርጉት አጣቢዎቹ ናቸው። አትጠገብ የብርጓልን ጠብታ ስታደርግ ጥጡን ትንሽ፣ በጣም ትንሽ፣ ኩሉ ላይ ነካ አድርጋ ቅንድቦቿ ሥር፣ ከሽፋሽፍቱ ውስጥ ታሳልፈዋለች። ብርጓል ግንባሯን መስታወቱ ላይ ስታስደግፍ ሽፋሽፍቷ መስታወቱን ይነካል። የቀረውን ኩሉ ያውቃል።

ኩሉ ግን ምንም አላወቀም። ኅዳር አለቀ፣ ታኅሣሥ ገባ፣ ብርጓል «ጎደሎ፣ ጎደሎ፣ ጎደሎ» እያለች ትውላለች። የተለወጠ ነገር ቢኖር አንድ ነው።

«ብርጓልዬ፣ ዓይንሽን ምን አደረግሽው? እንዴት አማረ!» አለች አንዷ ተመልካች ምሳ ላይ።

«እኔ እንጃ፤ እንቅልፍ ይሆናል» አለች ብርጓል።

የበሩ ዘበኛ፣ ያ ቃል አድራሽ የላከው፣ ብርጓልን ባየ ቁጥር ኮፍያውን ማውለቅ ጀመረ። ከሌላው ፈረቃ አንድ ቴክኒሺያን ሽማግሌ ልልክ ነው አለ። ከጋሳይ እናቷ «ልጄ ዋሻ ገብታ ይባስ አማረባት» እያሉ ያወራሉ ተባለ። አትጠገብ ማታ ማታ ኩሉን እያየች «አንተ ከንቱ፣ ለማን ነው የምትሠራው?» ትለዋለች። ተናዳ መጠኑን ጨመረች። የብርጓል ዓይን የባሰ አማረ።

እትዬ ድንቄ አንድ ጠዋት ጥጡን አዩት። አነሱት፣ አሸተቱት፣ ወደ አትጠገብ ተመለከቱ።

«ይሄ ምንድነው?»

«ጠብታ ነው።»

«ጠብታ እንዲህ ይጠቁራል?»

«ዓይኗ ቆሽሾ ነዋ። ጋሳይ ውሃ የለም ይላሉ።»

እትዬ ድንቄ ጥጡን ጣሉት። «የሰውን ልጅ ቆዳ ስፈትግ ኖሬአለሁ» አሉ፤ «ውስጥ የገባ እድፍ ግን በሳሙና አይወጣም። ነግሬሻለሁ።» ከዚያ በኋላ ስለዚህ ነገር አልተናገሩም።

የጥምቀት ሰሞን ነው የሆነው። አትጠገብ በማጠቢያው ደጃፍ ጨርቅ እየጠመዘዘች ሳለ ከጋኑ አዳራሽ ጸጥታ መጣ። ጸጥታ ይመጣል ወይ አትበሉ፤ እዚያ ዋሻ ውስጥ የሰላሳ ልጅ «ጎደሎ፣ ጎደሎ» እንደ ንብ ድምፅ ቀኑን ሙሉ ይሰማል፤ ያ ድምፅ ድንገት ቆመ። ከዚያም የብርጓል ድምፅ ተሰማ። አልጮኸችም። ሰላምታ እንደምትሰጥ አድርጋ፦

«ሙሉ» አለች።

ትንሽ ቆይቶ ከጋኑ በስተቀኝ ሌላ ድምፅ «ሙሉ» አለ። ከበስተኋላም ሌላ፤ «ሙሉ... አዎ፣ ሙሉ።»

አትጠገብ የያዘችው ጨርቅ ከእጇ ወደቀ። ኩሉ! ሁሉንም አንድ ላይ አታለላቸው! አንዷን ብላ ወጥመድ ዘርግታ መንጋው ገባላት። ማጠቢያው ውስጥ ብቻዋን ዞረች፣ ጨፈረች፣ ሳሙናው ላይ ተንሸራታ ወደቀች፣ ተነስታ እንደገና ጨፈረች።

ፈረቃው እስኪያልቅ ሰፊ ጊዜ አለ። አትጠገብ አልቦዘነችም። መጀመሪያ መመገቢያ አዳራሹ ሄዳ አሞሌውን አነሳች፤ አቧራውን በቀሚሷ ጠርጋ፣ የእሷ ምላስ ያላረፈበትን ጎን፣ ሻካራውን፣ ወደ ላይ አድርጋ አስቀመጠችው። ቀጥላ ወደ ዘበኛው ሄደች።

«ቃል አድራሽ ወደ ጋሳይ ላክ። ለብርጓል እናት።»

«ምን ልበል?»

«‹ልጅሽ ዓለምን ገለበጠች› በል። በግ ይረዱ። አይ፣ በግ አይበቃም፤ ወይፈኑን ይረዱ። ጎረቤቱን ሁሉ ይጥሩ። ማንም እንዳይቀር!»

«መብራቱ ሳይበራ?» አለ ዘበኛው።

«አንተ ለእኔ ስትልክ መብራት በርቶ ነበር እንዴ?»

ዘበኛው አፈረ፤ ላከ። አትጠገብ ወይፈኑ ሲወድቅ፣ ጎረቤቱ ሲሰበሰብ፣ ሁለተኛው ቃል አድራሽ ሲደርስ በዓይነ ሕሊናዋ እያየች ጠበቀች። ቂሟን እንደ ጠላ ጠምቃው ነበርና አሁን ደርሷል፤ የቀረው መቅዳት ነው።

ፈረቃው አለቀ። ሁሉም መመገቢያ አዳራሽ ተሰበሰበ፤ ተመልካቹ፣ አጣቢው፣ ቴክኒሺያኑ፣ ዘበኛው ሳይቀር። ብርጓል መሀል ላይ ቆማለች። ዓይኗ፣ ምን ይደረግ፣ አምሯል። አትጠገብ አሞሌው አጠገብ ቆማ እንደ ደጋሽ ትጠብቃለች። ዶክተር እማዋይሽ ግድግዳው ዘንድ ሄደው እጃቸውን መብራቱ ሥር አሳረፉ።

መብራቱ ነጭ ሆነ።

መጀመሪያ እትዬ ድንቄ እልል አሉ፤ ከዚያ ዋሻው ተናወጠ። ዕድሜውን ሁሉ ይህንን ሲጠብቅ የሸበተ አንድ ቴክኒሺያን ወለሉ ላይ ቁጭ ብሎ እንደ ሕፃን አለቀሰ። ተመልካቾቹም አለቀሱ፤ ሕጉን የሚያስታውስ አልነበረም። ብርጓልን አንስተው ትከሻቸው ላይ አደረጓት።

አትጠገብ ብቻ አልደነገጠችም። ነጭ ማለት ማሽኑ እጁ የለበትም ማለት ነው፤ እጁ ያለበት ማን እንደሆነ እሷ ታውቃለች። ዝም ብትል ብርጓል ዘለዓለም ሙሉዋን ያየች ትባላለች፤ በጋሳይ የታረደው ወይፈን የደስታ ወይፈን ይሆናል፤ እሷ ደግሞ ጨው ላሽ ሆና ታረጃለች። ብትናገር ከዋሻው ትባረራለች። መባረሩ ደግሞ ከእናቷ ፊት መቆም ነው፤ ድጋሚ በባዶ እጅ። እትዬ ድንቄ ነገሩ ገብቷቸው ቀሚሷን ከኋላ ያዙ።

«ተይ አንቺ ልጅ። ዋጥ አድርጊው።»

«አልውጥም! ጨው ያስዋጡኝ ይበቃል!»

ቀሚሷን አስለቅቃ ጠረጴዛው ላይ ወጣች።

«አቁሙ! እልልታውን አቁሙ!» አለች። «ሙሉ አይደለችም! ያያችሁት የእኔን ኩል ነው! ከኅዳር ጽዮን ጀምሮ ጠዋት ጠዋት ዓይኗ ውስጥ የገበያ ኩል እያደረግሁ የላክኋት እኔ ነኝ! ሰላሳ ዓይን ተሰብስቦ አንዲት አጣቢ አታለለችው! በሉ አሁን ማነው የሚልሰው? ብርጓል፣ ነይ! ሻካራውን ጎን አዘጋጅቼልሻለሁ!»

ብርጓልን የተሸከሙት ልጆች ቀስ ብለው አወረዷት። አዳራሹ ዝም አለ። አትጠገብ ያንን ዝምታ በአፏ ሙሉ አጣጣመችው፤ እንደ ማር ነው።

ዶክተር እማዋይሽ ወደ ጠረጴዛው ተጠጉ። አልተቆጡም። ትንሽ የደከማቸው ይመስላሉ፤ ጉንጫቸው ገና በእንባ እርጥብ ነው።

«ኩሉን አይተነዋል» አሉ።

«ምን?»

«ገና በማግስቱ ነው ያየነው። መስታወቱ ጠርዝ ላይ፣ ከአንደኛዋ ወንበር ፊት ለፊት ጭጋግ አለ፤ የእርሳስ ጭጋግ። በየምሽቱ ይጠረጋል፣ ከሒሳቡም ይወጣል። የዛሬዋ ግን የወጣችው ከጋኑ መሀል ነው። ኩል መስታወት ሰንጥቆ አይዋኝም፣ ልጄ።»

«ግን ብልጭ ይላል ብለዋል! እርስዎ ራስዎ ነዎት ያሉት!»

«ብልጭ ይላል። መንታ አይወልድም ግን። ፋኖስና ጨረቃ እኩል ያበራሉ እንዴ? ሦስት ልጆች ከሦስት ማዕዘን አይተዋል፤ ሁለቱን ደግሞ ኩል አልነካቸውም።»

አትጠገብ ብርጓልን አየቻት። ትናደዳለች፣ ትሳደባለች፣ ምናልባት ትማታለች ብላ ጠበቀች፤ ቢያንስ ያ ይገባታል። ብርጓል ግን ዓይኗን በጣቷ ጫፍ ነካ አድርጋ ጣቷን እያየች፦

«እና ሰው ሁሉ አማረብሽ ሲለኝ የከረመው በአንቺ ነው?» አለች። «እግዜር ይስጥልኝ፣ አትጠጌ። ያ ቴክኒሺያን ሽማግሌ የላከው እኮ በዚሁ ነው።»

ከኋላ አንድ ሰው ፈነዳ፣ ሳቀ። ሌላውም ተከተለ። አትጠገብ ፊቷ እንደ በርበሬ ቀላ። ጠረጴዛው ላይ እንደቆመች፣ ከቁመቷ ምንም ሳትቀንስ የመጨረሻዋን ጥይት ተኮሰች፦

«ታዲያ ካያችሁት ለምን ዝም አላችሁ? ለምን አልያዛችሁኝም? እኔ ልንገራችሁ! ፈርታችሁኝ ነው! እንዲህ ያለ ተንኮል ያሰበች ደግሞ ሌላ ምን ታስብብን ይሆን ብላችሁ ነው!»

ዶክተር እማዋይሽ አንገታቸውን ቀና አድርገው ተመለከቷት።

«ተንኮል መሆኑን ማን አሰበና?» አሉ። «ማጠብ የማትችይ መስሎን ነው።»